የመራጩ አመለካከትና የፓርቲዎች የምረጡኝ ቅስቀሳ በኢትዮጵያ ጠቅላላ ምርጫዎች

የምርጫ ቅስቀሳ የፖለቲካ ፓርቲዎችና የግል እጩዎች ሕዝቡ ድምፁን እንዲሰጣቸው ለማሳመን በሕግ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ የሚያካሂዱት እንቅስቃሴ ነው። የቅስቀሳው ውጤት የሚታወቀው ኮሮጆ ሲከፈት ቢሆንም፣ መራጩ ወደ ምርጫ ጣቢያ የሚሄደው በቅስቀሳው ወራት የሰማውን ብቻ ይዞ አይደለም። በቀበሌው፣ በገበያው፣ በእድሩና በመሥሪያ ቤቱ ለዓመታት ያየው፣ ድምፁ በምስጢር ይጠበቃል ብሎ ማመኑ ወይም መጠራጠሩ፣ ያለፈው ምርጫም ምን ትቶ እንዳለፈ የሚያስታውሰው ሁሉ አብሮት ይሄዳል። ይህ ጽሑፍ ከ1987 እስከ 2013 የተካሄዱትን ስድስት ጠቅላላ ምርጫዎች መሠረት በማድረግ የፓርቲዎች ቅስቀሳና የመራጩ አመለካከት እንዴት እንደተለዋወጡ ይዳስሳል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተገለጸ በቀር፣ በኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር ናቸው።

ሕጋዊ መሠረት

በ1987 በሥራ ላይ የዋለው የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 38 ዕድሜው 18 ዓመት የሞላው ኢትዮጵያዊ ሁሉ በሕግ መሠረት የመምረጥ መብት እንዳለው ይደነግጋል። አንቀጽ 54 ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት ሁሉን አቀፍ፣ ነፃ፣ ቀጥተኛና ድምፅ በምስጢር በሚሰጥበት ሥርዓት በየአምስት ዓመቱ እንደሚመረጡ ይገልጻል። የምክር ቤቱ አባላት ቁጥር ከ550 አይበልጥም፤ ከዚህ ውስጥ ቢያንስ 20 መቀመጫዎች አነስተኛ ቁጥር ላላቸው ብሔረሰቦችና ሕዝቦች የተጠበቁ ናቸው። በተግባር ሲሠራበት የቆየው የመቀመጫ ብዛት 547 ነው። ምርጫውን የሚመራው ገለልተኛ ቦርድም በአንቀጽ 102 ተቋቁሟል።

ለቅስቀሳ ስልት ወሳኝ የሆነው በአንድ የምርጫ ክልል ከተወዳደሩት መካከል አብላጫ ድምፅ ያገኘ እጩ አሸናፊ የሚሆንበት ሥርዓት ነው። አሸናፊው ከግማሽ በላይ ድምፅ እንዲያገኝ አይጠበቅበትም፤ ከተከታዩ በአንድ ድምፅ መብለጡ ይበቃል። በመሆኑም አንድ ፓርቲ በአገር አቀፍ ደረጃ ብዙ ደጋፊ ኖሮት ደጋፊዎቹ በየክልሉ ተበታትነው ከሆነ ጥቂት መቀመጫ ይዞ ሊቀር ይችላል። ፓርቲዎች ከምርጫ በፊት ቅንጅት፣ ግንባርና ኅብረት ለመፍጠር የሚሯሯጡበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

የምርጫ ሕጉ ራሱ በተደጋጋሚ ተለውጧል። በ1987 የወጣው አዋጅ ቁጥር 111 ከማሻሻያዎቹ ጋር ሲሠራበት ቆይቶ በ1999 በአዋጅ ቁጥር 532 ተተክቷል። ይህ አዋጅ በአንድ የምርጫ ክልል የሚወዳደሩ እጩዎችን ቁጥር በ12 ወስኖ ነበር። አሁን በሥራ ላይ ያለው መሠረታዊ ሕግ የኢትዮጵያ የምርጫ፣ የፖለቲካ ፓርቲዎች ምዝገባና የምርጫ ሥነ ምግባር አዋጅ ቁጥር 1162/2011 ሲሆን፣ ቦርዱ ዳግም የተቋቋመው በአዋጅ ቁጥር 1133/2011 ነው።

ፓርቲ ያልነበረበት ምርጫ

በኢትዮጵያ ሕዝብ በቀጥታ የሚሳተፍበት የፓርላማ ምርጫ የተጀመረው በ1948 የተሻሻለውን ሕገ መንግሥት ተከትሎ ነው። በዘመኑ የፖለቲካ ፓርቲ አልነበረም። እጩው ንብረት ያለው መሆን ይጠበቅበት ነበር፤ ለመራጩ የሚቀርበውም በፕሮግራሙ ሳይሆን በስሙ፣ በቤተሰቡና በአካባቢው ባለው ክብር ነበር። በደርግ ዘመን ሰኔ 7 ቀን 1979 የተካሄደው የብሔራዊ ሸንጎ ምርጫ ደግሞ ብቸኛው ሕጋዊ ፓርቲ ኢሠፓ በሆነበት ሥርዓት ውስጥ የተከናወነ በመሆኑ፣ አማራጭ ሐሳቦች የሚፎካከሩበት አልነበረም።

የእነዚህ ሁለት ዘመናት ውርስ ቀላል አይደለም። እጩውን «የአገራችን ልጅ ነውና አያሳፍረንም» ብሎ መምረጥ የመጀመሪያው ልማድ ነው። ሁለተኛው ምርጫን እንደ ስብሰባ፣ እንደ መዋጮና እንደ ዘመቻ በመንግሥት ትእዛዝ የሚፈጸም ግዴታ አድርጎ መመልከት ነው። ሁለቱም አመለካከቶች የመድብለ ፓርቲ ሥርዓት ከታወጀ በኋላም በመራጩ ዘንድ ለረጅም ጊዜ ቆይተዋል፤ ፓርቲዎችም እንደየሁኔታው ተጠቅመውባቸዋል።

በ1987 በተካሄደው የመጀመሪያው ጠቅላላ ምርጫ ዋና ዋናዎቹ ተቃዋሚዎች ባለመሳተፋቸው ቅስቀሳው ቀዝቃዛ ነበር። ሁለተኛው ምርጫ በ1992 ሲካሄድ አገሪቱ ከኤርትራ ጋር ጦርነት ላይ ነበረች። ኢሕአዴግ ከ547ቱ 481 መቀመጫዎችን አግኝቷል። ሆኖም በዚያ ምርጫ በሐዲያ ዞን በፕሮፌሰር በየነ ጴጥሮስ የሚመራው ፓርቲ ገዥውን ፓርቲ አሸንፎ መቀመጫዎች መያዙ፣ የገጠር መራጭ ምንጊዜም ከባለሥልጣኑ ጎን ይቆማል የሚለው ግምት የማያወላዳ እንዳልሆነ ያሳየ ነበር። ይህ ክስተት በወቅቱ የተሰጠው ትኩረት ከሚገባው በታች ነው።

ግንቦት 7 ቀን 1997

ሦስተኛው ጠቅላላ ምርጫ በቅስቀሳው ስፋትም ሆነ በመራጩ ስሜት ከቀደሙት ሁለቱ ጋር አይነጻጸርም። ለውጡን ካመጡት ነገሮች ቀዳሚው በኢትዮጵያ ቴሌቪዥንና ሬዲዮ የተላለፉት የፓርቲዎች ክርክሮች ናቸው። የመሬት ፖሊሲ፣ ግብርና መር የኢኮኖሚ ስትራቴጂ፣ ፌዴራሊዝም፣ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 39፣ ትምህርትና የአሰብ ወደብ ጉዳይ ሳይቀሩ በይፋ ተነሥተዋል። ቴሌቪዥን የሌለው በጎረቤቱ ቤትና በሻይ ቤት፣ የገጠሩ ነዋሪ ደግሞ በሬዲዮ ተከታትሏቸዋል።

ክርክሮቹ መራጩን የለወጡት በቀረቡት ሐሳቦች ብቻ አልነበረም። ሚኒስትር በተቃዋሚ ፊት ተቀምጦ ሲጠየቅ፣ ሲመልስና አንዳንድ ጊዜም መልስ ሲያጥረው ማየት ለብዙው ኢትዮጵያዊ አዲስ ነገር ነበር። ባለሥልጣንን መጠየቅ ይቻላል የሚለው ግንዛቤ ከየትኛውም ፓርቲ ፕሮግራም በላይ በሕዝቡ ውስጥ ገባ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በወቅቱ የተፎካካሪነቱን ቦታ የያዙት ሁለት ስብስቦች ነበሩ። ቅንጅት ለአንድነትና ለዲሞክራሲ የተመሠረተው በ1997 መጀመሪያ ወራት ሲሆን፣ መኢአድን፣ ኢዴአፓ-መድኅንን፣ ቀስተ ደመናንና የኢትዮጵያ ዲሞክራቲክ ሊግን ያቀፈ ነበር። የኢትዮጵያ ዲሞክራሲያዊ ኃይሎች ኅብረት ደግሞ የተመሠረተው ቀደም ሲል በዋሽንግተን በተካሄደ ጉባኤ ሲሆን፣ በአገር ውስጥ ያሉና በውጭ የተቋቋሙ ድርጅቶችን አጣምሯል። በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በገንዘብና በሐሳብ ያደረጉት ተሳትፎ በዚያ ምርጫ ጎልቶ ታይቷል። ይሁንና እስከ 6ኛው ጠቅላላ ምርጫ ድረስ በውጭ ያሉ ኢትዮጵያውያን ባሉበት አገር ሆነው ድምፅ የሰጡበት አጋጣሚ የለም።

የመሬት ጥያቄ የቅስቀሳው እምብርት ነበር። ኢሕአዴግ መሬት ከተሸጠ ገበሬው በችግር ጊዜ ይዞታውን ለባለሀብት አስረክቦ ወደ ከተማ ይፈልሳል በማለት ተከራከረ። ቅንጅት በበኩሉ መሬት የመንግሥት መሆኑ ገበሬውን የቀበሌ ሹም ጥገኛ አድርጎታል፤ ባለቤትነቱ ሊረጋገጥለት ይገባል አለ። ከገበሬው አንጻር ሲታይ ሁለቱም ክርክሮች ስለ ዋስትና የሚያወሩ ነበሩ፤ አንዱ ከገበያ፣ ሌላው ከሹም የሚጠብቅ ዋስትና። በከተማ ግን ሥራ አጥነት፣ የቤት ችግርና የኑሮ ውድነት ሚዛን ደፉ።

የቅስቀሳው ቁሳቁስም በዓይነቱ ተለያየ። ሞንታርቦ የጫኑ መኪኖች በየሰፈሩ ዞሩ፤ ፖስተሮች፣ በራሪ ወረቀቶች፣ ኮፍያና ከነቴራ ተሠራጩ። የኢሕአዴግ ምልክት ንብ፣ የቅንጅት ደግሞ ሁለት ጣት ነበር። ማንበብ ለማይችል መራጭ የምርጫ ምልክት የፓርቲው ስም ነው። የቅንጅት ምልክት ከዚህ አልፎ ወረቀትና ቀለም የማያስፈልገው መቀስቀሻ ሆነ፤ መንገደኛ ከመንገደኛ ጋር በሁለት ጣት ሰላምታ ይለዋወጥ ነበር። በተንቀሳቃሽ ስልክ የሚላክ የአጭር ጽሑፍ መልእክትም ለቅስቀሳ ሲውል ይህ የመጀመሪያው ነው። አገልግሎቱ ከምርጫው በኋላ ተቋርጦ ለሁለት ዓመት ገደማ ሳይመለስ ቆይቷል።

ሚያዝያ 29 ቀን ገዥው ፓርቲ፣ በማግስቱ ሚያዝያ 30 ቀን ደግሞ ቅንጅት በመስቀል አደባባይ ሰልፍ ጠሩ። ሁለቱም ሰልፎች ከፍተኛ ቁጥር ያለው ሕዝብ የተገኘባቸው ነበሩ፤ የሁለተኛው ቀን ሰልፍ ግን አደባባዩን ሞልቶ ወደ ጎዳናዎቹ የፈሰሰ ነበር። ሁለቱም ያለ አንዳች ግጭት መጠናቀቃቸው በዚያን ጊዜ እንደ ትልቅ ተስፋ ተቆጥሯል።

ከዚሁ ጎን ለጎን የቃላት አጠቃቀም እየከረረ ሄዷል። የገዥው ፓርቲ ሰዎች ተቃዋሚዎችን በሩዋንዳ የዘር ጭፍጨፋ ከፈጸመው ኢንተርሃምዌ ጋር ማመሳሰላቸው፣ በተቃዋሚዎች በኩልም አንድን ብሔር ለሥርዓቱ ጥፋት ተጠያቂ የሚያስመስሉ አነጋገሮች መሰማታቸው ቅስቀሳውን ከፖሊሲ ወደ ማንነት ጎትቶታል። የማንነት ፍርሃት አንዴ ከተቀሰቀሰ በኋላ የድምፅ ቆጠራ ያበርደዋል ብሎ መጠበቅ አይቻልም፤ የተከተሉት ወራትም ይህንኑ አሳይተዋል።

በድምፅ መስጫው ዕለት መራጩ ገና ሳይነጋ ተሰልፎ፣ በብዙ ጣቢያዎች እስከ ሌሊት ድረስ ተራውን ጠብቋል። በቅንጅት አሸናፊነት በተጠናቀቀው የአዲስ አበባ ምርጫ ፓርቲው 23ቱንም የፓርላማ መቀመጫዎችና ከከተማው ምክር ቤት 138 መቀመጫዎች 137ቱን አግኝቷል። በአገር አቀፍ ደረጃ በ31 የምርጫ ክልሎች ድጋሚ ምርጫ፣ በሶማሌ ክልልም ምርጫው ነሐሴ 15 ቀን ከተካሄደ በኋላ ቦርዱ ባሳወቀው ውጤት ኢሕአዴግ 327፣ ቅንጅት 109፣ ኅብረት 52፣ የኦሮሞ ፌዴራላዊ ዲሞክራሲያዊ ንቅናቄ 11 መቀመጫዎችን ይዘዋል።

በውጤቱ ላይ የተነሣው ውዝግብ ወደ ግጭት አምርቷል። ሰኔ 1 ቀን 1997 በአዲስ አበባ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ ከሁለት ቀን በኋላ ፓርቲዎቹ ከአመጽ ለመታቀብ ስምምነት ቢፈርሙም በ1998 ጥቅምት መጨረሻ ዳግም ደም ፈሰሰ። ጉዳዩን እንዲመረምር በተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን ሥራ 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸው ተመዝግቧል። የቅንጅት መሪዎች፣ ጋዜጠኞችና የሲቪክ ማኅበራት አባላት ታሥረው ተከስሰዋል።

ብዙ ተንታኞች የከተማውን ድምፅ «የተቃውሞ ድምፅ» ብለው ሰይመውታል፤ መራጩ ቅንጅትን ከመውደድ ይልቅ ኢሕአዴግን ለመቅጣት ድምፁን ሰጠ ማለታቸው ነው። አባባሉ ከፊል እውነት ቢኖረውም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ማየት የለበትም። ያለውን አስተዳደር አልፈልግም ማለትም የምርጫ አንድ ተግባር ነው።

ከአደባባይ ወደ ቤት ለቤት

ከ1997 በኋላ ገዥው ፓርቲ የቅስቀሳ ስልቱን ለወጠ። ከአደባባይና ከክርክር ይልቅ ለአባላት ምልመላና ለቤት ለቤት አደረጃጀት ትኩረት ተሰጠ። የኢሕአዴግ አባላት ቁጥር በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን በታች ከነበረበት ከ4 ሚሊዮን በላይ ደረሰ። በ2000 የተካሄደው የአካባቢ ምርጫ በቀበሌና በወረዳ ደረጃ 3 ነጥብ 6 ሚሊዮን ገደማ መቀመጫዎች የነበሩት ሲሆን፣ ይህን ያህል እጩ ማቅረብ የሚችለው መዋቅሩ እስከ ታች የወረደ ፓርቲ ብቻ ነበር። የወጣቶችና የሴቶች ማኅበራት፣ ጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት፣ በኋላም «1 ለ 5» የተሰኘው አደረጃጀት የቅስቀሳው መስመር ሆኑ።

የዚህ ስልት ውጤታማነት አያጠያይቅም። በግንቦት 15 ቀን 2002 ምርጫ ከ31 ሚሊዮን በላይ መራጮች ተመዝግበው ከ93 በመቶ በላይ የሚሆኑት ድምፅ ሰጥተዋል። ኢሕአዴግ 499፣ አጋር ድርጅቶቹ 46 መቀመጫዎችን አገኙ፤ ለመድረክ አንድ፣ ለግል ተወዳዳሪም አንድ መቀመጫ ቀረ። የመድረኩ አቶ ግርማ ሰይፉ ከአዲስ አበባ፣ የግል ተወዳዳሪው ዶክተር አሸብር ወልደጊዮርጊስ ከቦንጋ ተመርጠዋል። በአዲስ አበባ ተቃዋሚዎች ያገኙት ድምፅ ጥቂት የሚባል ባይሆንም የአብላጫ ድምፅ ሥርዓቱ ወደ አንድ መቀመጫ አውርዶታል።

ጥያቄው ሌላ ነው። ማኅበሩ፣ የብድር ቡድኑ፣ የልማት ቡድኑና የፓርቲው ሕዋስ በአንድ ሰው ሲመሩ መራጩ የትኛው የመንግሥት፣ የትኛው የፓርቲ እንደሆነ መለየት ያዳግተዋል። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር የሚያከፋፍለው ሰው በማግስቱ ለድምፅ ሲመጣ፣ ምንም ዓይነት ማስፈራሪያ ባይናገር እንኳ መራጩ የራሱን ስሌት ይሠራል። የአውሮፓ ኅብረት ታዛቢዎች በ2002 ምርጫ ላይ ባቀረቡት ሪፖርት የመወዳደሪያ ሜዳው ሚዛናዊ እንዳልነበረና በመንግሥትና በፓርቲ መካከል ያለው ድንበር እንደደበዘዘ መጥቀሳቸው ከዚህ ጋር የሚያያዝ ሲሆን፣ መንግሥት በበኩሉ ሪፖርቱን አልተቀበለውም።

በዚያው ምርጫ ዋዜማ ኢሕአዴግ፣ መኢአድ፣ ኢዴፓና ቅንጅት የምርጫ ሥነ ምግባር ደንብ ተፈራርመው፣ ደንቡ በአዋጅ ቁጥር 662/2002 ሕግ ሆኗል። መድረክ አልፈረመም። ደንቡ ቅስቀሳን ከጥላቻ ንግግርና ከኃይል ነፃ ማድረግ፣ ቅሬታን በጋራ ምክር ቤት መፍታትና የመንግሥት ሀብትን ለፓርቲ ጥቅም አለማዋልን የመሳሰሉ ግዴታዎች ይዟል። የብዙኃን መገናኛ ጊዜ ድልድሉ ደግሞ ከፊሉ ለሁሉም በእኩል፣ ከፍተኛው ድርሻ በምክር ቤት ባለው መቀመጫ፣ ቀሪው በእጩ ብዛት የሚከፋፈል ነበር። ይህ ቀመር ቀድሞ ብዙ መቀመጫ ለያዘ ብዙ ሰዓት የሚሰጥ በመሆኑ ለአዲስ ገቢ ፓርቲ የሚመች አልነበረም።

በግንቦት 16 ቀን 2007 ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ የምክር ቤቱን መቀመጫዎች በሙሉ ያዙ። የሴት ተመራጮች ቁጥር በ2002 ከነበረበት 152 ወደ 212 ከፍ ማለቱ ከገዥው ፓርቲ የእጩ አቀራረብ ጋር የተያያዘ ለውጥ ነው። ይሁን እንጂ መቶ በመቶ ከሚባለው ውጤት በኋላ ጥቂት ወራት ሳይቆጠሩ፣ በ2008 መግቢያ በኦሮሚያ፣ ቀጥሎም በአማራ ክልል የተነሡት ሰፊ ተቃውሞዎች አንድ ቁም ነገር ግልጽ አድርገዋል፤ በኮሮጆው ውስጥ የተገኘው ድምፅና በሕዝቡ ልብ ያለው አመለካከት አንድ አልነበሩም። ለምርጫ ጥናት ከዚህ የበለጠ አሳሳቢ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል።

አመለካከትን የመለካት ችግር

በብዙ አገሮች መራጩ ምን እንደሚያስብ የሚታወቀው በቅድመ ምርጫ የሕዝብ አስተያየት ጥናት ነው። በኢትዮጵያ ይህ ልማድ ሥር አልሰደደም። ፓርቲዎች የድጋፋቸውን መጠን የሚገምቱት በስብሰባ ተሳታፊ፣ በሰልፍ ብዛትና በካድሬ ሪፖርት ነው። ካድሬ ደግሞ ለአለቃው የሚያቀርበው ብዙውን ጊዜ አለቃው መስማት የሚፈልገውን ነው።

አፍሮባሮሜትር የተሰኘው አህጉራዊ የጥናት ተቋም ከአውሮፓውያኑ 2013 ጀምሮ በኢትዮጵያ ጥናት አካሂዷል። በመጀመሪያው ጥናት ከተጠየቁት መካከል እጅግ ብዙዎቹ አገሪቱ ዲሞክራሲያዊ ናት የሚል መልስ መስጠታቸው ተመራማሪዎቹን አስገርሞ፣ መልሱ ከፍርሃት፣ ካለማወቅ ወይስ ለዲሞክራሲ ካላቸው ለየት ያለ ግንዛቤ የመጣ ነው የሚል ጥያቄ አስነሥቷል። ዲሞክራሲን በድምፅ ምርጫ ሳይሆን በመንገድ፣ በትምህርት ቤትና በጤና ኬላ የሚተረጉም ዜጋ መኖሩ አንዱ ማብራሪያ ነው። ሌላው ማብራሪያ ጠያቂውን መንግሥት የላከው መስሎት ጥንቃቄ የሚያደርግ ሰው መኖሩ ነው። ሁለቱ በአንድ ሰው ውስጥ አብረው ሊገኙም ይችላሉ።

በየአካባቢው የሚሰማው ሥጋት ከዚህ ጋር ይያያዛል። የመራጭነት ካርድ ካላወጣሁ ከቀበሌ አገልግሎት አጣለሁ ብሎ የሚሠጋ፣ ድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ ያደረግሁት ምልክት በኋላ ይታወቅብኛል ብሎ የሚያስብ መራጭ ድምፁን የሚሰጠው ለሐሳብ ሳይሆን ለደኅንነቱ ነው። የመራጮች ትምህርት ሲዘጋጅ አብዛኛውን ጊዜ «እንዴት ምልክት ይደረጋል» የሚለው ይበዛል። ማንም ሰው የመረጡትን ማወቅ እንደማይችል፣ ካርድ ማውጣትም ሆነ አለማውጣት ከአገልግሎት ጋር እንደማይገናኝ ማስረዳት ግን ከዚያ ያላነሰ ቦታ የሚገባው ነው።

ስድስተኛው ጠቅላላ ምርጫ

ስድስተኛው ምርጫ መጀመሪያ የታቀደው ለነሐሴ 2012 ሲሆን በኮቪድ-19 ወረርሽኝ ምክንያት ተራዝሞ ሰኔ 14 ቀን 2013 ተካሂዷል። ቦርዱን የመሩት በ1997 ከቅንጅት መሪዎች አንዷ የነበሩትና ለእሥር የተዳረጉት ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ ነበሩ። ኢሕአዴግ በ2012 ከስሞ ብልጽግና ፓርቲ ተመሥርቶ ነበር፤ ከተፎካካሪዎቹ መካከል ኢዜማና አብን ይገኙበታል። የተወሰኑ የኦሮሚያ ዋና ዋና ፓርቲዎች አመራሮቻቸው መታሠራቸውንና ቢሮዎቻቸው መዘጋታቸውን በመግለጽ ከውድድሩ ወጥተዋል። ትግራይ በጦርነት ውስጥ ስለነበረች ምርጫ አልተካሄደባትም፤ በጸጥታና በዝግጅት ችግር ምርጫ ያልተደረገባቸው ሌሎች አካባቢዎችም ነበሩ። በሶማሌና በሐረሪ ክልሎች ድምፅ የተሰጠው መስከረም 20 ቀን 2014 ነው።

ቅስቀሳው የተጀመረው የካቲት 8 ቀን 2013 ነበር። አዲሱ ሕግ ከድምፅ መስጫው ዕለት በፊት ያሉት አራት ቀናት የጥሞና ጊዜ እንዲሆኑ ስለሚያዝ፣ በእነዚህ ቀናት ሞንታርቦ፣ ሰልፍና የብዙኃን መገናኛ ቅስቀሳ ይቆማሉ። በአየር ሰዓትና በገንዘብ ድጋፍ ድልድሉ ላይ የሴትና የአካል ጉዳተኛ እጩዎች ብዛት ከግምት መግባቱ አዲስ ነገር ነው። ብልጽግና አምፖልን፣ ኢዜማ ሚዛንን ምልክታቸው አድርገው ቀርበዋል። ክርክሮቹ ከመንግሥት ጣቢያ በተጨማሪ በግል ቴሌቪዥኖች ተላልፈዋል፤ ይሁንና መራጩ ከ1997 በተለየ ሁኔታ ትኩረቱን ለጦርነቱ፣ ለማንነት ተኮር ጥቃቶችና ለህዳሴ ግድብ ሰጥቶ ስለነበር የፖሊሲ ክርክሩ ያን ያህል ወሬ አልሆነም።

ከ37 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ በተመዘገበበት በዚህ ምርጫ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ረጃጅም ሰልፎች በመታየታቸው የድምፅ መስጫው ሰዓት ከምሽቱ 12 ሰዓት ወደ 3 ሰዓት ተራዝሟል። ሐምሌ 3 ቀን በተገለጸው ውጤት ብልጽግና ከ436 መቀመጫዎች 410 ሲያገኝ፣ አብን 5፣ ኢዜማ 4፣ የግል እጩዎችም 4 መቀመጫዎችን አግኝተዋል። ዓላማቸው ለአንድ ዞን ወይም ወረዳ የሆነ የግል እጩዎችና ትናንሽ ፓርቲዎች ማሸነፋቸው «የአገራችን ልጅ» የሚለው የቀድሞ ስሜት ዛሬም ድምፅ እንደሚያስገኝ ያመለክታል።

የመንግሥት ሀብትና የመንግሥት ሠራተኛ

ቅስቀሳን በሚመለከት በሥራ ላይ ያሉ ክልከላዎች ከሁሉ አስቀድሞ የሚነኩት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን ነው። በአምልኮ ሥፍራ፣ በወታደራዊ ካምፕና በፖሊስ ጣቢያ ቅስቀሳ አይደረግም። የመንግሥት ተሽከርካሪ፣ ነዳጅ፣ የስብሰባ አዳራሽ፣ የሠራተኛ የሥራ ሰዓትና የውሎ አበል ለፓርቲ ሥራ መዋል የለበትም። አዳራሽ ለቅስቀሳ የሚፈቀድ ከሆነ በእኩልነት ለሁሉም ነው፤ ለአንዱ ፓርቲ «እድሳት ላይ ነው» የተባለ አዳራሽ በሳምንቱ ለሌላው ከተከፈተ ደብዳቤው በትክክል ቢጻፍም ውሳኔው ትክክል አይደለም።

አስቸጋሪው ድንበር የሥራ ሪፖርትና ቅስቀሳ የሚገናኙበት ቦታ ነው። በጀት የተያዘለት ፕሮጀክት የሚመረቅበት ቀን ደርሶ ከሆነ ምርጫ ደረሰ ተብሎ አይቀርም። ነገር ግን ለዓመት የቆየ የመሠረት ድንጋይ በቅስቀሳው ወር ተቀምጦ፣ በሥነ ሥርዓቱ ላይ የፓርቲ ባንዲራና ከነቴራ ከታየ የሕዝብ ገንዘብ ለአንድ ተወዳዳሪ መናገሪያ ሆኗል። የመሥሪያ ቤት የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ይህንን መለየት የሚችልበት ቀላል መንገድ አለ። ዜናው የተሠራው ሥራ ምን እንደሆነና ምን ያህል እንደፈጀ ይናገራል ወይስ ማንን መምረጥ እንደሚገባ?

የመንግሥት ሠራተኛ እንደማንኛውም ዜጋ የመምረጥ መብት አለው፤ የፓርቲ አባል መሆንም የግል ውሳኔው ነው። አባልነቱን ወደ አገልግሎት መስጫ መስኮቱ ይዞ መምጣት ግን አይችልም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 87 የመከላከያ ሠራዊቱ ከፖለቲካ ድርጅት ወገናዊነት ነፃ ሆኖ ተግባሩን እንዲያከናውን ያዛል፤ በአንቀጽ 12 ደግሞ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት ይደነግጋል። በምርጫ አስፈጻሚነት የሚመደቡት ብዙዎቹ መምህራንና ሌሎች የመንግሥት ሠራተኞች በመሆናቸው ይህ ግዴታ በድምፅ መስጫው ዕለት በእጅጉ ይከብዳል። መራጩ በጣቢያው የሚያገኛት አስፈጻሚ የልጁ መምህርት ልትሆን ትችላለች። ወረቀቱን ስትሰጠው የት ምልክት እንደሚያደርግ በዓይኗ እንኳ ካመለከተች ምስጢሩ ተነካ።

ድምፅ በጣቢያው ከተቆጠረ በኋላ ውጤቱ በፓርቲ ወኪሎችና በታዛቢዎች ፊት በቅጽ ላይ ይሞላል፤ የተገኙት ይፈርሙበታል፤ ቅጂውም በጣቢያው በር ላይ ይለጠፋል። ቅሬታ ያለው ወኪል ቅሬታውን በጽሑፍ ያስመዘግባል፤ ውሳኔው ካላረካው ወደ ቦርዱ፣ ከዚያም ወደ ፍርድ ቤት ሊወስደው ይችላል። በማግስቱ ማለዳ በሩ ላይ ቆሞ የሰፈሩን ውጤት በዓይኑ ያነበበ መራጭ፣ በሬዲዮ የሚሰማውን የአገር አቀፍ ድምር ከዚያ ወረቀት ጋር ያስተያያል።